ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን፦ ከቆሼ አደጋ በኋላ የአንዲት እናት ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በተሠሩበት አንድ ሠፈር ባለ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሐዘን የጎዳቸው ሰዎች በየሳምንቱ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ጊዜ ተመላልሰው ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ። የእኚህ እናት ጉዳይ ግን ለወራት አልፈታ አለኝ። የተፈታውም እኔ በጠበቅኩት መንገድ አልነበረም። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለንስሐ አባቶችና መርዶ የማርዳት ኃላፊነት ለሚወድቅባቸው ዘመዶች ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ጻፍኩት። እናቲቱ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስም አልጠቀስኩም፤ ማንነትን የሚገልጡ አንዳንድ ዝርዝሮችንም ለውጫለሁ።

ዳራ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ተደርምሶ ከሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ቦታው ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ነው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ፍለጋው በኤክስካቫተርም በእጅም ለቀናት ቀጠለ።

ስለ ቆሼ ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ቆሻሻው ብቻ ነው። እዚያ ግን ሠፈር ነበር። ከክምሩ ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅመው የሚሸጡ ነበሩ፤ የቀን ሠራተኞች፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ የዘበኛ ሥራ የሚሠሩ አባቶች ነበሩ። ዕድር ነበራቸው። ሰው ሲሞት ከንጋቱ በፊት በየመንገዱ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ነበራቸው። ቡና የሚጠራሩበት ተራ ነበራቸው። ይህን የምዘረዝረው ለጌጥ አይደለም። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው።

የጉዳዩ ባለቤት በአደጋው ጊዜ ዕድሜያቸው ከአርባ ጥቂት ያለፈ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ነበሯቸው። ባለቤታቸው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። በዚያ ቅዳሜ እናቲቱ በከተማው ሌላ ጫፍ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሴት ልጃቸው ወንድሟን እየጠበቀች ቤት ቀረች። ምሽት ላይ ወንድሟን ሻማ እንዲገዛ ሱቅ ላከችው። ክምሩ የወረደው ልጁ ሱቅ ሳለ ነው።

እናቲቱ በማግሥቱ ሲመለሱ ዘመዶቻቸው መንገድ ላይ ተቀበሏቸው። አጎታቸው፣ የቤተሰቡ ታላቅ፣ «ልጅቱ ተጎድታለች፤ ሆስፒታል ናት፤ ሐኪሞቹ ሰው አያስገቡም» አሏቸው። በዚያ ሰዓት ልጅቱ ገና አልተገኘችም። አስከሬኗ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። አጎትየው ሄደው አይተው ለዩት፤ ለእናቲቱ ግን አልነገሩም። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ መርዶው ተነገራቸው። በዚያው ቀን ቀብር ሆነ። ሣጥኑ ታሽጎ ነበር። በዚያ ቀን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሣጥኖች ተሰልፈው ነበር፤ እናቲቱ በሁለት ሰው ተደግፈው ስለነበር የትኛው የእርሳቸው ልጅ እንደሆነ በትክክል አላወቁም። ፊቷን ልይ ብለው ሲለምኑ «አይሆንም፤ አይችሉም» ተባሉ።

ለመርዶ ደንባችን ትልቅ አክብሮት አለኝ። ሰው ብቻውን ሳይሆን ወገን ከቦት፣ ሌሊት ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፈው ክንድ ባለበት ክፉ ወሬ እንዲሰማ ማድረግ ጥበብ ነው። አጎትየውም የእህታቸውን ልጅ ስለሚወዱ ያደረጉት ነው። ይሁን እንጂ የእነዚያ ሦስት ቀናት ማባበያ ምን እንዳስከተለ ቀጥሎ ይታያል።

ቤተሰቡ ለጊዜው መጠለያ ውስጥ ከቆየ በኋላ በከተማዋ ሌላ ዳርቻ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘ። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ውኃ አለው፤ መጸዳጃ አለው። የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ግን በተለያዩ ሠፈሮች ተበታትነው ነበር። በዚያው አካባቢ የደረሱት ሰባት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በተለያዩ ሕንፃዎች ነው የሚኖሩት።

ችግሩ

እናቲቱ ወደ እኔ የመጡት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው፤ አደጋው ከደረሰ 20 ወር አልፎት ነበር። በካርዳቸው ላይ ከዚያ በፊት የተመዘገበው ራስ ምታት፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ነበር። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ስለ ልጃቸው የጠየቃቸው አልነበረም። ነገሩን ያወቀችው ለቤት ለቤት ጉብኝት የሄደች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ደርሳ ገበታው ሲነሳ አንድ ሰሃን ተከድኖ ሲቀመጥ አየች። «የማን ነው?» ስትል ትንሹ ልጅ «የእህቴ ነው» አላት።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ አልረሳውም። ቀስ ብለው ተናገሩ፤ አላለቀሱም። ጥቁር አልለበሱም፤ ነጠላቸውንም አላዘቀዘቁም። በየቅዳሜው ከቤት ወጥተው በከተማው ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። በር ላይ ያሉ ጥበቃዎች ያውቋቸዋል። አንዴ ታክሲ ውስጥ ልጃቸው ትሠራው የነበረውን ዓይነት ሹሩባ የተሠራች ልጅ አይተው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተከትለዋታል። ሞትን ይመኙ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታዬ ስለነበር ጠየቅኳቸው። «እኔ ከሞትኩ ስትመጣ በር ማን ይከፍትላታል?» አሉኝ።

ይህን ሰው አእምሮው ተዛብቷል ብሎ መፈረጅ ቀላል ነበር፤ እንዲያ ያሉ ሰዎችም ነበሩ። ግን ሐሳባቸው የተያያዘ ነው። ቤት ያስተዳድራሉ፤ ሒሳብ ይይዛሉ። ልጃቸው ሞታ ሊሆን እንደሚችልም ያውቃሉ። የቸገራቸው ቁርጡ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል ናት ተባሉ፤ ቀጥሎ ሞታለች ተባሉ። ሁለቱንም የነገሯቸው የሚያምኗቸው ያው ሰዎች ናቸው። ከሁለቱ ቃል የትኛው ውሸት፣ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚለይላቸው ነገር በዓይናቸው አላዩም።

ፓውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በቬትናም ጦርነት ጠፍተው የቀሩ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ይህን ዓይነቱን ሁኔታ ለይተው አውጥተዋል፦ ሰውየው አለ እንዳይሉት የለም፤ ሞተ እንዳይሉት አልታየም፤ ሐዘኑም መነሻ ያጣል። እኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለን። ቁርጡን አለማወቅ እንላለን።

ከዚህ ጋር የአሰቃቂ ገጠመኝ ምልክቶችም ነበሩ። የቆሻሻ መኪና ድምፅ ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ። ዝናብ ሲዘንብ ትንሹን ልጅ ይዘው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ሻማ በቤታቸው አይበራም፤ መብራት ቢጠፋ በጨለማ ያመሻሉ።

ትንሹ ልጅ በ6 ዓመቱ ያቆመው አልጋ ላይ መሽናት ተመልሶበት ነበር። በትምህርቱ ደህና ነው፤ ሱቅ ሂድ ከተባለ ግን ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። ለወራት ስለዚህ የጠየቀው አልነበረም። እኔም ለመጠየቅ ዘግይቻለሁ። አባትየው ደግሞ መጠጥ አብዝተው ነበር።

በካርዱ ላይ ድባቴና ድኅረ አሰቃቂ ገጠመኝ የጭንቀት ሕመም ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ቢሆን የተራዘመ የሐዘን ሕመም የሚለውን እጨምር ነበር። ይህ ስያሜ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ገብቷል። ምደባው ሐዘኑ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየቱን ብቻ ሳይሆን በሰውየው ባህል ከሚጠበቀው ማለፉንም እንድንመለከት ይጠይቃል። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ባለበት አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የእኛ ሐዘን የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። የእኚህ እናት ችግር ግን ሐዘኑ መርዘሙ አልነበረም፤ አለመጀመሩ ነበር። ይህን ለመረዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

የተሞከሩና ያልሠሩ

እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት በተለያየ ቦታ ዳያዜፓም ታዞላቸው ለረጅም ጊዜ ወስደዋል። በአደጋው ሰሞን ከመጠለያው ጀምሮ የተሰጣቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን ዓይነቱን ማስታገሻ ለአዲስ አሰቃቂ ገጠመኝም ሆነ ለሐዘን ማቃለያ መስጠት እንደማይገባ አስታውቋል። እርሳቸው ሲገልጹት «ቀብሩን በጭጋግ ውስጥ ነው የማስታውሰው» አሉ። ልጃቸውን ሲቀብሩ ቢያንስ አእምሯቸው እዚያ እንዲሆን መብታቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ አቋረጥን። ለእንቅልፉና ለራስ ምታቱ አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን ሌሊት ሌሊት ሰጠኋቸው፤ ለእንቅልፍ በመጠኑ ረድቷቸዋል፤ ሌላውን ግን አልነካውም።

በመጠለያው ሳሉ በበጎ ፈቃድ የመጡ ሰዎች ተጎጂዎችን በክበብ አስቀምጠው እያንዳንዱ ያየውን እንዲናገር አድርገው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተደረገው። እናቲቱ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው በተሰበሰበበት መቀመጥ ጠሉ፤ ሌሎች የተናገሩት አስከሬን የማውጣት ዝርዝር በሕልማቸው ይመጣባቸው ጀመር። ሰዎቹ ክፉ አላሰቡም። ሰውን በአደጋው ማግሥት አስገድዶ እንዲተርክ ማድረግ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ግን በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። በምትኩ የሚመከረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለው ነው። የሚያስፈልገውን ማየት፣ ሊናገር የወደደውን ማዳመጥ፣ ከዘመዱና ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት ነው፤ ታሪኩን አውጣ ብሎ መጫን የለበትም።

የእኔም ስሕተት ከዚህ አይርቅም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ ልጃቸው መሞቷን እንዲቀበሉ ለማግባባት ሞከርኩ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ባለቤታቸው እንዲያመጡ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አዩትና አጥፈው መለሱልኝ። «ወረቀት የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሆስፒታል ናት ብሎኝ ነበር» አሉ። ለሁለት ሳምንት አልመጡም። እኔም ከሚያባብሏቸው ሰዎች ወገን ተቆጥሬ ነበር።

በጥር ወር ደግሞ ቦታውን ቢያዩት ይቀላቸው ይሆናል ብዬ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ቆሼ እንዲሄዱ ተስማማን። አልተዘጋጁበትም ነበር። ሽታው ገና ከሩቅ ሲመጣ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየሌሊቱ እየጮሁ ይነቁ ነበር። የሚፈሩትን ቀስ በቀስ መቅረብ የታወቀ ሕክምና ነው፤ ቀስ በቀስ የሚለው ቃል ግን ዋናው ክፍሉ ነው። እኔ ደረጃዎቹን ዘለልኩ።

የሠራው

መንገዱን ያሳየችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። «እኔ እርሳቸውን ብሆን የዋሸኝ ሰው ራሱ መጥቶ ካልነገረኝ አላምንም» አለችኝ። ቀላል ንግግር ነው፤ እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር።

አጎትየውን አስጠራኋቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ቁምነገረኛ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ «አረጋጋኋት እንጂ ምን በደልኩ?» አሉ። ሦስት ጊዜ ተገናኘን። በሦስተኛው ቀን ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በቀይ ክር ማተብ ላይ የታሰረ ቁልፍ ነበር። ልጅቱ የቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ ማተብ ጋር አስራ ትሄድ ነበር። አስከሬኗን የለዩት በእርሱ ነው። እናቲቱ ካዩት ይጎዳሉ ብለው ከሁለት ዓመት ለጥቂት ወራት እስኪቀር ድረስ ከኪሳቸው ሳይለዩት ኖረዋል። ያን ቀን ያለቀሱት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ጉዳዩን በጥንቃቄ አዘጋጀን። እናቲቱን አስቀድሜ ጠየቅኳቸው፦ «አጎትዎ ከእሑድ እስከ ረቡዕ የሆነውን ሁሉ፣ ያወቁትንም የደበቁትንም ሊነግሩዎ ይፈልጋሉ። መቼ ይሁን? ማን አብሮዎ ይሁን? ምን መስማት አይፈልጉም?» ለሳምንት አሰቡበት። ቤታቸው እንዲሆን፣ ባለቤታቸውና የቀድሞ ጎረቤታቸው እንዲገኙ፣ የፊቷ ሁኔታ እንዳይነገራቸው ወሰኑ። ውሳኔው የእርሳቸው መሆኑ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት በድንገተኛና በአሰቃቂ ሁኔታ ዘመድ የሞተባቸውን ሰዎች ጠይቆ ነበር፤ አስከሬኑን ለማየትም ላለማየትም ራሳቸው መወሰናቸው ለሐዘንተኞቹ ከፍ ያለ ዋጋ እንደነበረው አሳይቷል። እኚህ እናት በቀብሩ ቀን የተነፈጉት ይህንኑ ነው።

አጎትየው ሰዓት በሰዓት ተናገሩ። እሑድ ጠዋት የት እንደነበሩ፣ ሆስፒታል ናት የሚለውን ለምን እንዳሉ፣ ማክሰኞ ማን እንደጠራቸው። መጨረሻ ላይ ተነሥተው «የእህቴ ልጅ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ቁልፉን ሰጧቸው። እናቲቱ ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ያዙት። ከዚያ ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያ በፊት አንድም ጥያቄ አልጠየቁም ነበር። «ሹሩባዋ ተፈትቶ ነበር?» አሉ። አጎትየው አላስታወሱም።

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ፍለጋ የቀድሞውን የዕድር ዳኛ አገኘን። እርሳቸውም በሌላ ሠፈር ነው የደረሱት። ልጅቱን ያወጣውን ወጣት አገናኙን። በእጁ የቆፈረ፣ ያኔ ዕድሜው ከ20 ያልበለጠ ልጅ ነው። ለሦስት ቀን ያህል አስከሬን ሲያወጣ ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እርሱን የጠየቀው ማንም አልነበረም። ቤታቸው መጥቶ ተቀመጠ። «አልተፈታም ነበር፣ እማማ። በነጠላዬ ነው የሸፈንኳት። ወንድ እጅ በዝቶባት እንዳይሆን ሴቶች ጠርቼ እነርሱ ናቸው የያዟት» አላቸው።

እናቲቱ ያን ጊዜ ጮሁ። እንደ ደንቡ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሟን እየጠሩ። ከታች ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች ደነገጡ፤ ጥቂቶቹ ወጡ። አንዲት የማያውቋቸው ሴት ከበሩ ቆመው ነገሩን ጠይቀው ከሰሙ በኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና አጠገባቸው ተቀመጡ። አደጋው ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል በዚያ ቤት የገባ የመጀመሪያው ለቅሶ ደራሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጣ፤ መውጣቱም ተገቢ ነበር። የንስሐ አባታቸውን አማከርን። ፍትሐቱ በጊዜው ደርሷልና አይደገምም፤ የሁለተኛው ዓመት መታሰቢያ ግን ይደረጋል አሉ። መጋቢት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕንፃዎቹ መካከል ባለው የጋራ ማብሰያ ቤት መታሰቢያ ተደረገ። የዕድር ዳኛው የቀድሞ አባላትን ከያሉበት ጠሩ። ከአምስት የተለያዩ ሠፈሮች መጡ፤ አንዳንዶቹ ከአደጋው በኋላ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። የቀድሞው ጥሩምባ ነፊም መጥቶ ነበር፤ ለመንፋት ቢያስብም ሰው ይደነግጣል ተብሎ ተወው። አዲሶቹ ጎረቤቶች ንፍሮ ቀቀሉ፤ ወንበር አወረዱ። እናቲቱ ጥቁር ለብሰው ነበር። በማግሥቱ የተከደነው ሰሃን ቀረ። ማንም አንሡት አላላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያስቀሩት።

በቀጣዮቹ ወራት ሰባቱ ቤተሰቦች ከሕንፃዎቹ ነዋሪዎች ጋር አዲስ ዕድር መሠረቱ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እናቲቱን «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ» ሲሏቸው አንዲት የቀድሞ ጎረቤት ተነሥታ በልጃቸው ስም «የእገሊት እናት ነው የምንላቸው» አለች። ለሁለት ዓመት በዚያ ስም የጠራቸው አልነበረም። ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን የልጃቸው እናት መባልንም አጥተው ነበር።

ከትንሹ ልጅ ጋር የተሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ደስ አሰኝቶኛል። እናቱ ቁጭ አድርገው «እህትህ ሱቅ በመላኳ ነው የዳንከው፤ አንተ በመሄድህ አይደለም እርሷ የሞተችው» ብለው በራሳቸው አንደበት ነገሩት። እኔ ብናገረው ይህን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር። ከዚያ እስከ ደረጃው፣ ቀጥሎ እስከ ሕንፃው በር፣ ቀጥሎ እስከ ሱቁ ከእናቱ ጋር፣ በመጨረሻም ለብቻው መሄድ ጀመረ። ሦስት ወር ፈጀ። በመጨረሻው ሳምንት ሻማ ገዝቶ መጣ፤ ማን እንደላከው አልጠየቅኩም።

ያልተሳካው

አባትየው ከመታሰቢያው በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተው ቀሩ። የሌሊት ሥራቸውን ሰበብ አደረጉ፤ እኔም የቀጠሮ ሰዓት እንደ ሥራቸው አላመቻቸሁም። መጠጡ አልቀነሰም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ወጣቱ ነው። ለእናቲቱ መልስ እንዲሆን ፈለግነው፤ እርሱ ራሱ ምን እንደሚያስፈልገው ግን በቂ ትኩረት አልሰጠንም። በዚያ ቀን ሲወጣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሌሊት እንደማይተኛ፣ ሥጋ መብላት እንደተወ ነገረኝ። ቀጠሮ ሰጠሁት፤ አልመጣም። ስልኩም ተቋረጠ። በአደጋ ቦታ አስከሬን የሚያወጡ ሰዎች ለሥነ ልቦና ጉዳት ከፍ ያለ ተጋላጭነት እንዳላቸው አውቅ ነበር። እርሱን ካስጠራሁበት ቀን በፊት ለብቻው ላገኘው ይገባኝ ነበር።

ለሌሎች የሚጠቅመው

መርዶን ማዘግየትና ማታለል የተለያዩ ናቸው። ሰው እስኪሰበሰብ፣ ጎህ እስኪቀድ መቆየት ደንባችን ነው፤ ይቆይ። በዚያ መካከል ግን «ሆስፒታል ናት» ከማለት «እየተፈለገች ነው፤ የምናውቀውን እንነግርሃለን» ማለት ይሻላል። በዚያ ሰዓት እውነቱም ይኸው ነበር። ውሸቱ የተነገረ ከሆነም የሚያርመው የተናገረው ሰው ነው፤ ባለሙያ ሊተካው አይችልም።

ሣጥን ሲታሸግ የሐዘንተኛው ፈቃድ ይጠየቅ። ፊት የማይታይ ከሆነ እጅ፣ ልብስ፣ ማተብ ሊታይ ይችላል። ያየ ሰው መኖሩ ይታወቅ፤ ስሙ ይያዝ። በብዙ ሞት ቀን ይህ ቅንጦት ይመስላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በየሆስፒታሉ በር ሲዞሩ የነበሩትን እናት ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይለውም።

ሌላው ስለ መልሶ ማስፈር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በቡፋሎ ክሪክ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ፈርሶ 125 ሰዎች ሞተው ነበር። ካይ ኤሪክሰን የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ከጎርፉ በኋላ ሲያጠኑ ሰዎቹ ጎረቤትነታቸው ሳይታይ በየጊዜያዊ ቤቱ መበተናቸው ከአደጋው ያላነሰ ሁለተኛ ቁስል እንደሆነባቸው አገኙ። እኛ ዘንድ ጎረቤትነት የሚለካበት ነገር አለ፤ ዕድር ይባላል። የተጎዳ ሠፈር ሲዛወር የዕድር መዝገቡ አብሮ ይታይ፤ አንድ ዕድር የነበሩ በተቻለ መጠን በአንድ አካባቢ ይስፈሩ። ቤቱ በዕጣ መደልደሉ የግድ ከሆነ የዕድሩ ዳኛ የአባላቱን አዲስ አድራሻ ይዞ እንዲቆይ ይደረግ። ይህ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ ደግሞ፦ ራስ ምታት፣ ማቃጠል፣ እንቅልፍ ማጣት ሲደጋገምባችሁ «በቤትዎ ሰው ሞቶብዎታል ወይ? እንዴት ለቀሱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሐዘንተኛ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነም ልጁን በመጀመሪያው ወር አግኙት፤ በአምስተኛው አይሁን።

በ2012 ዓ.ም. የእናቲቱን ቀጠሮ በየሦስት ወሩ አደረግነው። እንጀራ መጋገር ጀምረዋል፤ የአዲሱ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ቁልፉን በቤታቸው ከሥዕለ ማርያም ሥር ሰቅለውታል። የቆሻሻ መኪና ሲመጣ አሁንም መስኮት ይዘጋሉ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከቤት ወጥተው ሆስፒታል በር ድረስ ሄደው እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ። ጥበቃው አውቋቸው «እናቴ፣ ደህና ከረሙ?» አላቸው። ሰላምታውን መልሰው፣ ሳይጠይቁ፣ ተመለሱ። በካርዱ ላይ እንደነገሩኝ ጻፍኩት።